ሲሞቅ የማይነሣ ሞተር፦ አልፎ አልፎ የሚከሠት ብልሽት በሳይንስ መንገድ ሲፈተሽ

መግቢያ

ለአፍታ ያህል ከደሴ ተነሥተን በሐይቅ በኩል ወደ ቢስቲማ እንጓዝ። በደሴ የማለዳ ብርድ ቁልፏ ገና ሲነካ የተነሣች አንዲት አሮጌ መኪና ቢስቲማ ደርሳ፣ ተሳፋሪዎቿን አውርዳ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ፀሐይ ላይ ከቆመች በኋላ «አልነሣም» ትላለች። ባለቤቷ ኮፈኗን ይከፍታል። በዙሪያው ከተሰበሰቡት አንዱ «ባትሪ ነው» ይላል፤ ሌላው «ቤንዚኑ ፈልቷል» ይላል፤ ሦስተኛው እርጥብ ጨርቅ ይዞ ይመጣል። ከአርባ ደቂቃ በኋላ መኪናዋ ምንም እንዳልነካት ሁሉ ትነሣለች። በማግስቱ ደሴ ጋራዥ ስትገባ መካኒኩ አሥር ጊዜ ቢያስነሣት አሥሩንም ጊዜ ትነሣለች። ባለቤቷም «ለማንኛውም» ብሎ ባትሪ ይለውጣል፤ በሳምንቱ እንደገና መንገድ ላይ ትቆማለች። ከዚያ ሞተሪኖው፣ ከዚያ ካርቡራተሩ ይለወጣል። ገንዘቡ ያልቃል፤ ብልሽቱ ግን በቦታው አለ።

ይህችን መኪና ለትምህርታችን ብለን በምሳሌነት ያቀረብናት ናት። ችግሩ ግን አሮጌ የቤንዚን መኪና የያዘ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። በአገራችን ይህ ጉዳይ ቀላል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ብዙ ዘመን ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። ስለዚህ በመንገዶቻችን ላይ ያሉት አሮጌ መኪኖች ገና ለብዙ ዓመታት መጠገን ይኖርባቸዋል። በግምት የሚለወጥ እያንዳንዱ ዕቃም ከቤተሰብ ኪስ የሚወጣ ገንዘብ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ተማሪዎቻችንን መካኒክ ማድረግ አይደለም። በክፍል ውስጥ የተማርናቸው የኦም ሕግ፣ የፈሳሾች መትነን፣ የአየር ግፊትና የዕድል ስሌት በአንዲት የቆመች መኪና ፊት እንዴት አብረው እንደሚሠሩ ለማሳየት ነው። ከሁሉም በላይ ልናስጨብጠው የምንፈልገው አንድ ሐሳብ አለ፤ ይኸውም አልፎ አልፎ የሚከሠት ብልሽት ሊመረመር የሚችለው በተከሠተበት ሰዓትና ሁኔታ ውስጥ ብቻ ነው የሚል ነው። መኪናዋ ከቀዘቀዘች በኋላ የሚደረግ ምርመራ በሽተኛው ከዳነ በኋላ ትኩሳቱን እንደ መለካት ነው።

ሞተር ለመነሣት ምን ይፈልጋል?

የቤንዚን ሞተር እንዲነሣ አራት ነገሮች መሟላት አለባቸው። አንደኛ፣ ሞተሪኖው ሞተሩን በበቂ ፍጥነት ማዞር አለበት። ሁለተኛ፣ ቤንዚንና አየር በተገቢው መጠን ተቀላቅለው ወደ ሲሊንደሩ መግባት አለባቸው። ሦስተኛ፣ ፒስተኑ ይህን ድብልቅ በሚገባ ማመቅ አለበት። አራተኛ፣ ካንዴላው በትክክለኛው ቅጽበት ጠንካራ የእሳት ብልጭታ መስጠት አለበት።

ከእነዚህ አንዱ ብቻ ቢጎድል ሞተሩ አይነሣም። የምሳሌ መኪናችን ግን ስትቀዘቅዝ በቀላሉ ትነሣለች። ይህ ቀላል መስሎ የሚታይ እውነታ ትልቅ ማስረጃ ነው፤ አራቱም ነገሮች በብርድ ሰዓት የተሟሉ መሆናቸውን ይነግረናልና። እንግዲህ የምንፈልገው «የተበላሸውን ዕቃ» ሳይሆን «ሙቀት የሚለውጠውን ዕቃ» ነው። ጥያቄውን እንዲህ ማጥበብ የምርመራው የመጀመሪያ እርምጃ ነው።

የምንናገረው ስለ ቤንዚን ሞተር ብቻ መሆኑንም ልብ ይሏል። በናፍጣ የሚሠሩ የጭነት መኪኖች ነዳጁን የሚያቃጥሉት በታመቀ አየር ሙቀት እንጂ በካንዴላ ስላልሆነ ምርመራቸው ሌላ ነው።

የጠፋ ሞተር ለምን ይብስ ይሞቃል?

ብዙዎቻችን ሞተር ከጠፋበት ቅጽበት ጀምሮ የሚቀዘቅዝ ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በጉዞ ላይ ሳለ ውኃው በፓምፕ እየተሽከረከረ ሙቀቱን ወደ ራዲያተሩ ይወስዳል፤ ማራገቢያውና የጉዞው ነፋስም በኮፈኑ ሥር ያለውን አየር ያድሳሉ። በዚህ ጊዜ የውኃው ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ሴልሽየስ ባለው ውስጥ ይቆያል። የጭስ መውጫው ብረትና የሲሊንደሩ ግድግዳ ግን ከዚህ እጅግ የበለጠ ይሞቃሉ።

ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፑም ነፋሱም ይቆማሉ። በወፍራሙ ብረት ውስጥ የተከማቸው ሙቀት መሄጃ ስለሚያጣ ወደ አካባቢው ይሰራጫል፤ ካርቡራተሩን፣ የቤንዚን ፓምፑን፣ ቦቢናውንና ሞተሪኖውን ያሞቃቸዋል። ስለዚህ እነዚህ ዕቃዎች ከፍተኛ ሙቀታቸው ላይ የሚደርሱት መኪናዋ ስትጓዝ ሳይሆን ቆማ ጥቂት ደቂቃዎች ካለፉ በኋላ ነው። የምሳሌ መኪናችን ወዲያው ጠፍታ ወዲያው ብትነሣ፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ግን እምቢ ብትል የሚያስገርም አይደለም። ብልሽቱ የሚታየው በዚህ የሙቀት ጫፍ ላይ ነውና።

ሙቀት በኤሌክትሪክ ዕቃዎች ላይ ምን ያደርጋል?

የመዳብ ሽቦ ሲሞቅ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ይጨምራል። ጭማሪው በአንድ ዲግሪ ሴልሽየስ በመቶ 0.39 ያህል ነው። ይህ ቁጥር ትንሽ ቢመስልም ውጤቱ ትንሽ አይደለም።

በ20 ዲግሪ 3.0 ኦም ተቃውሞ ያለው የቦቢና ቀዳሚ ጥቅል እንውሰድ። ሙቀቱ 100 ዲግሪ ቢደርስ ለውጡ 80 ዲግሪ ነው። አዲሱ ተቃውሞ 3.0 × (1 + 0.0039 × 80) = 3.94 ኦም ያህል ይሆናል። በ12 ቮልት የሚያልፈው ፍሰት ቀድሞ 4.0 አምፔር ነበር፤ አሁን ወደ 3.05 አምፔር ይወርዳል። በጥቅሉ ውስጥ የሚከማቸው ጉልበት ከፍሰቱ ካሬ ጋር ስለሚመጣጠን፣ የሞቀው ቦቢና የሚያከማቸው ጉልበት ከቀድሞው በመቶ 58 ያህሉን ብቻ ነው። ሞተሪኖው በሚዞርበት ጊዜ ደግሞ የባትሪው ቮልቴጅ ወደ 10 ቢወርድ ፍሰቱ 2.54 አምፔር ያህል ይሆናል፤ ጉልበቱም ወደ በመቶ 40 ዝቅ ይላል።

ይህ ሁሉ የሚደርሰው ምንም እንከን በሌለው ቦቢና ላይ ነው። ጤነኛ መኪና ይህን ቅነሳ የሚችልበት ትርፍ አቅም ተሰጥቶታል። ነገር ግን ካንዴላዎቹ ካረጁ፣ ክፍተታቸው ከሰፋ፣ ወይም የእሳት አከፋፋዩ ክዳን ከተሰነጠቀ ትርፉ አስቀድሞ ተበልቷል፤ ሙቀቱ የመጨረሻዋን ጠብታ ይጨምራል። ከዚህ የባሰው ደግሞ በቦቢናው ውስጥ ያለው ቀጭን ሽቦ ተበጥሶ ጫፎቹ ብቻ ተነካክተው የቀሩ እንደሆነ ነው። ዕቃው ሲቀዘቅዝ ጫፎቹ ይገናኛሉ፤ ሲሞቅና ሲለጠጥ ይለያያሉ። በእርሳስ የተበየደ መገጣጠሚያ የተሰነጠቀበት ሪሌም ሆነ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ በተመሳሳይ መንገድ ይሠራል፤ በብርድ ጤነኛ፣ በሙቀት በሽተኛ ነው።

ወደ ሞተሪኖው ስንመጣ የሚያልፈው ፍሰት እጅግ ትልቅ ነው። ለምሳሌ 150 አምፔር ይለፍ እንበል። በባትሪው ራስ ላይ ባለ ዝገት ወይም በላላ የማሳ ሽቦ ምክንያት 0.01 ኦም ብቻ ተጨማሪ ተቃውሞ ቢኖር 150 × 0.01 = 1.5 ቮልት እዚያው ይቀራል፤ 225 ዋትም በከንቱ ወደ ሙቀት ይለወጣል። 0.01 ኦም በተራ ቴስተር የኦም መለኪያ ሊታይ አይችልም። ስለዚህ ወፍራም ሽቦ የሚፈተሸው በኦም ሳይሆን ሞተሪኖው እየዞረ ሳለ በሽቦው ሁለት ጫፎች መካከል ያለውን ቮልቴጅ በመለካት ነው። ከባትሪው አዎንታዊ ራስ እስከ ሞተሪኖው ከ0.5 ቮልት በላይ፣ በማሳው በኩል ደግሞ ከ0.2 ወይም ከ0.3 ቮልት በላይ ከታየ ሽቦው፣ ራሱ ወይም መገጣጠሚያው መታየት አለበት።

ቤንዚን በደሴና በኮምቦልቻ

አሁን «ቤንዚኑ ፈልቷል» ያለውን ሰው ሐሳብ እንመርምር። ሐሳቡ መሠረት አለው። ቤንዚን እንደ ውኃ በአንድ የሙቀት መጠን የሚፈላ ንጹሕ ነገር አይደለም፤ የብዙ ሃይድሮካርቦኖች ድብልቅ ሲሆን፣ ቀላሎቹ ክፍሎች ገና በ30ዎቹ ዲግሪዎች መትነን ሲጀምሩ ከባዶቹ እስከ 200 ዲግሪ አካባቢ ይቆያሉ።

ፈሳሽ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከውጭው የአየር ግፊት ጋር ሲተካከል ነው። ከባሕር ወለል በ2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ባለችው ደሴ የአየር ግፊቱ 75 ኪሎፓስካል ያህል ነው። በ1,850 ሜትር ገደማ ባለችው ኮምቦልቻ 81 ኪሎፓስካል ያህል ይደርሳል። በባሕር ወለል ላይ 101 ኪሎፓስካል ነው። ከቤንዚን ቀላል ክፍሎች አንዱ የሆነው ፔንቴን በባሕር ወለል በ36 ዲግሪ ይፈላል፤ በኮምቦልቻ ግፊት በ30 ዲግሪ ገደማ፣ በደሴ ግፊት ደግሞ በ28 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ የወሎ ደጋ ለቤንዚን ከወደብ ከተሞች ይልቅ ለመፍላት የቀረበ ስፍራ ነው።

ታዲያ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ችግሩ ይቀንሳል ወይስ ይጨምራል? ግፊቱ ስለሚጨምር የሚፈላበት ሙቀት በ2 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። ይሁን እንጂ አየሩ በእያንዳንዱ 1,000 ሜትር ቁልቁለት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ስለሚሞቅ፣ በ650 ሜትር ልዩነት 4 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ሙቀቱ ከግፊቱ ቀድሞ ሄደ ማለት ነው። ከሐይቅ ተገንጥሎ በቢስቲማ በኩል ወደ ጭፍራና ወደ አፋር ቆላ በሚያመራው መንገድ ላይም ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ይኸው ሕግ ይሠራል።

የፈላ ቤንዚን ሞተርን በሁለት ተቃራኒ መንገዶች ያቆማል። በብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ የቤንዚን ፓምፑ በሞተሩ ላይ ተቀምጦ ከኋላ ካለው ታንከር ነዳጁን በመሳብ ያመጣል። መሳብ ማለት ግፊትን መቀነስ ስለሆነ በመሳቢያው መስመር ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ ፓምፑም እንፋሎቱን ይጨምቃል እንጂ ነዳጅ አይገፋም። በዚህ ጊዜ ካርቡራተሩ ይደርቃል፤ ካንዴላውም ሲፈታ ደረቅ ሆኖ ይገኛል። ሁለተኛው መንገድ የካርቡራተሩ ጽዋ ራሱ ፈልቶ ቤንዚኑ ወደ ሲሊንደሮቹ መግቢያ ሲንጠባጠብ ነው። በዚህ ጊዜ ድብልቁ ከመጠን በላይ ይወፍራል፤ የቤንዚን ሽታ ያውዳል፤ ካንዴላውም እርጥብ ይሆናል። «ፈልቷል» የሚለው አንድ ቃል ሁለት ተቃራኒ ሕመሞችን እንደሚሸፍን እናስተውል። የመጀመሪያው ነዳጅ ይጠማዋል፤ ሁለተኛው ነዳጅ አንቆታል።

በዚህ ላይ የነዳጁ ዓይነት ይጨመራል። በአገራችን በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በመቶ 5 ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን መሸጥ ተጀምሮ ኋላ ወደ በመቶ 10 አድጎ ነበር። ጥቂት ኢታኖል ሲቀላቀል የቤንዚኑ የእንፋሎት ግፊት በ7 ኪሎፓስካል ያህል ከፍ ይላል። ኢታኖል ብቻውን ከቤንዚን ያነሰ የእንፋሎት ግፊት እያለው ሲቀላቀል ግፊቱን መጨመሩ ለኬሚስትሪ ተማሪዎች ጥሩ የመወያያ ርእስ ነው።

ነዳጅ የሚረጭ ሥርዓት ያላቸው የ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መኪኖች ፓምፓቸው አብዛኛውን ጊዜ በታንከሩ ውስጥ ስለሆነና ነዳጁን ከ250 እስከ 300 ኪሎፓስካል በሚደርስ ግፊት ስለሚይዙት ይህ ሕመም እምብዛም አይጎበኛቸውም። ሆኖም ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ግፊቱን የሚጠብቀው አንድ አቅጣጫ ክዳን ካፈሰሰ ግፊቱ ይወርዳል፤ በሞቀው ቱቦ ውስጥም እንፋሎት ይፈጠራል። እነዚህ መኪኖች በተጨማሪ የሞተሩን መዞር ለኮምፒውተሩ የሚናገር ዳሳሽ አላቸው፤ የዚህ ዳሳሽ ቀጭን ጥቅል ሲሞቅ ከተቋረጠ ብልጭታውም ነዳጁም በአንድነት ይጠፋሉ።

የምርመራው ቅደም ተከተል

እስካሁን የዘረዘርናቸው ተጠርጣሪዎች ብዙ ናቸው። ሁሉንም መለወጥ የማይቻል ስለሆነ በእያንዳንዱ ጥያቄ ግማሹን የሚያስወግድ መንገድ ያስፈልገናል። መኪናዋ ሞቃ እምቢ ባለችበት ቅጽበት የሚከተሉትን በተራ እንጠይቅ።

1. ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ይዞራል? «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ ወይም እየጎተተ በዝግታ ከዞረ ችግሩ በባትሪ፣ በወፍራም ሽቦዎች ወይም በሞተሪኖው በኩል ነው፤ ቤንዚኑንና ካንዴላውን ለጊዜው እንተዋቸው። በጥሩ ፍጥነት ከዞረ ደግሞ ባትሪውና ሞተሪኖው ከተጠርጣሪነት ወጡ።

2. ብልጭታ አለ? ከእሳት አከፋፋዩ የሚመጣው ሽቦ በመፈተሻ ካንዴላ ላይ ተሰክቶ፣ ካንዴላው ከሞተሩ ብረት ጋር በሚገባ ታስሮ፣ ሞተሩ ሲዞር ሰማያዊና ኃይለኛ ብልጭታ ከታየ የእሳቱ ወገን ነጻ ነው። ብልጭታው ከጠፋ ወይም ቀጭንና ቀላ ያለ ከሆነ ነዳጁ ነጻ ባይወጣም ቀዳሚው ተጠርጣሪ ታውቋል።

3. ብልጭታ ካለ ነዳጅ አለ? ካንዴላው ደረቅ ነው ወይስ እርጥብ? ደረቅ ከሆነ ነዳጁ አልደረሰም፤ እርጥብ ከሆነ በዝቷል።

4. ብልጭታ ከሌለ የት ቀረ? ብልጭታው ከቦቢናው በሚወጣው መካከለኛ ሽቦ ላይ ካለና በካንዴላዎቹ ሽቦዎች ላይ ከሌለ፣ እክሉ በእሳት አከፋፋዩ ክዳን ወይም ተሽከርካሪ ውስጥ ነው። በመካከለኛው ሽቦም ከሌለ በመፈተሻ አምፖል የቦቢናውን ሁለት ትንንሽ ራሶች እንይ። በአዎንታዊው ራስ ኤሌክትሪክ ካለ፣ በሌላው ራስ ላይ ደግሞ ሞተሩ ሲዞር አምፖሉ ብልጭ ድርግም ካለ፣ ወደ ቦቢናው የሚገባው ትክክል ነው። ገቢው ትክክል ሆኖ ወጪው ከሌለ ቦቢናው ራሱ ነው፤ ወይም ከእሱ ጋር የተያያዘው ኮንደንሰር ነው።

ከአራቱ ጥያቄዎች ጎን ለጎን ማስታወሻ ደብተር ያስፈልጋል። ቀኑ፣ ቦታው፣ የተጓዝንበት ርቀት፣ ቆመን የቆየንበት ደቂቃ፣ የሰማነው ድምፅ፣ የሸተተን ነገር፣ እስክትነሣ የወሰደው ጊዜ ይጻፍ። ያለ ችግር የተነሣችበት ቀንም ይጻፍ። እምቢ ያለችባቸውን ቀናት ብቻ የሚያስታውስ ሰው ስሌቱን ከወዲሁ ያዛባል።

የእርጥብ ጨርቁ ጉዳይ

ወደ ቢስቲማው መኪናችን እንመለስ። ባለቤቷ በቤንዚን ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ በጣለ ቁጥር መኪናዋ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ትነሣለች። ስለዚህ «ቤንዚኑ ነው የሚፈላው» ብሎ አምኗል። እምነቱ በተደጋጋሚ ልምድ የቆመ ነው፤ ነገር ግን አንድ ነገር ጎድሎታል። ጨርቁ በተጣለባቸው አርባ ደቂቃዎች ውስጥ ፓምፑ ብቻ አልቀዘቀዘም፤ ቦቢናውም፣ ሞተሪኖውም፣ ሁሉም ቀዝቅዘዋል። ሥራውን የሠራው ጨርቁ ይሁን ጊዜው አልተለየም።

ለመለየት ማነጻጸሪያ ያስፈልጋል። በአንድ ቀን ጨርቅ ጥለን፣ በሌላ ተመሳሳይ ቀን ያለ ጨርቅ እንጠብቅ፤ ሁለቱንም በሰዓት እንለካ። ያለ ጨርቅም አርባ ደቂቃ ያህል ከወሰደ ጨርቁ ምንም አልጨመረም ማለት ነው። በምሳሌያችን ይህ ሆነ እንበል። ከዚያ በትኩሱ ብልጭታው ሲፈተሽ የለም፤ ገቢው ግን አለ። ቴስተሩ በቦቢናው ሁለተኛ ጥቅል ላይ በብርድ ሲለካ 10,000 ኦም ያህል ያሳይ የነበረው አሁን ማለቂያ የሌለው ተቃውሞ ያሳያል። ሽቦው በሙቀት ይለያያል ማለት ነው። (ቴስተሩ ጤነኛ ቁጥር ቢያሳይም ቦቢናው ነጻ አይወጣም፤ ጥቂት ቮልት የማይሰብረውን ሽፋን በሺህ የሚቆጠር ቮልት ሊሰብረው ይችላልና።)

የመጨረሻው ማረጋገጫ በትኩሱ መለዋወጥ ነው። ደህንነቱ የታወቀ ተመሳሳይ ቦቢና በውሰት ይገጠማል። መኪናዋ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከተነሣች፣ ብዙውን ጊዜ አርባ ደቂቃ ትፈልግ ስለነበር፣ ይህ ጠንካራ ማስረጃ ነው። ወዲያው የድሮው ተመልሶ ሲገጠም እንደገና እምቢ ካለች ነገሩ ተቋጨ። በአንድ ጊዜ አንድ ዕቃ ብቻ ይለወጥ፤ ቦቢናና ካርቡራተር በአንድነት ከተለወጡ መኪናዋ ብትነሣም የትኛው እንዳዳናት አናውቅም።

ተጠግኗል የምንለው መቼ ነው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መኪናዋ ሞቃ ስትቆም ከአራት ጊዜ አንዱን እምቢ ትል ነበር እንበል። ዕቃ ለወጥንና ሦስት ጊዜ በተከታታይ ተነሣች። ተጠገነች? ምንም ያልረባ ዕቃ ለውጠን ቢሆን ኖሮ ሦስት ጊዜ በተከታታይ የመነሣት ዕድሏ 0.75 × 0.75 × 0.75 = 0.42 ነበር፤ ማለትም በመቶ 42 ያህል። ሳንቲም ወርውሮ ከመፍረድ ብዙ የሚሻል አይደለም።

በአጋጣሚ የመነሣት ዕድሏ ከመቶ 5 በታች እንዲሆን ስንት ጊዜ ያስፈልጋል? 0.75 ለአሥር ጊዜ ሲባዛ 0.056 ይሆናል፤ ለአሥራ አንድ ጊዜ ሲባዛ 0.042 ይሆናል። ስለዚህ በእውነተኛ ሙቀት ውስጥ አሥራ አንድ ተከታታይ መነሣት እስካልታየ ድረስ «ዳነች» ማለት ችኮላ ነው። በደሴ ብርድ አሥር ጊዜ ማስነሣት ከዚህ ቁጥር ውስጥ አይገባም፤ በዚያ ሁኔታ መኪናዋ ድሮም እምቢ ብላ አታውቅምና።

ባለቤቱ ባትሪ ለውጦ ሳምንት በሰላም መንዳቱ ያታለለውም ለዚህ ነው። በዚያ ሳምንት ሞቃ የቆመችው ሦስት ጊዜ ብቻ ከሆነ ዝምታዋ ምስክርነት አልነበረም።

ጥንቃቄ

የምንነካው ነገር ቤንዚን፣ ከፍተኛ ቮልቴጅና የሚዞር ብረት ነው። ስለዚህ የሚከተሉት ሊዘነጉ አይገባም።

የብልጭታ ፈተና የቤንዚን ሽታ ባለበት ወይም የቤንዚን ቱቦ በተፈታበት ቦታ አይደረግም። ከቦቢናው የሚወጣው ቮልቴጅ ከ20,000 ሊበልጥ ስለሚችል ሽቦው በባዶ እጅ አይያዝም። ሞተሩ በሚዞርበት ጊዜ ፊትን ወደ ካርቡራተሩ አፍ ማስጠጋት ክልክል ነው፤ እሳት ወደ ላይ ሊተፋ ይችላል። በጋለ ሞተር ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መድፋት ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል፤ የራዲያተር ክዳንም በትኩሱ አይከፈትም።

ከሁሉም ይልቅ ለአካባቢያችን ሰው ልናሳስብ የምንወደው ቁልቁለት ላይ አንደርድሮ የማስነሣትን ልማድ ነው። በብዙ መኪኖች የፍሬኑ ማገዣ የሚሠራው ሞተሩ በሚፈጥረው የአየር መሳሳት ነው። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ የቀረው ማገዣ ለአንድ ወይም ለሁለት ጊዜ መርገጥ ብቻ ይበቃል፤ ከዚያ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ባልተነሣ መኪና መንደርደር ከማንኛውም ብልሽት የከፋ ነው። አርባ ደቂቃ መጠበቅ ይሻላል።

ማጠቃለያ

አልፎ አልፎ የሚከሠት ብልሽት ምሥጢር አይደለም፤ ሁኔታ የሚጠብቅ ብልሽት ነው። ሁኔታውን ካወቅን፣ በሁኔታው ውስጥ ከለካን፣ አንድ ነገር ብቻ ለውጠን ከማነጻጸሪያ ጋር ካስተያየን፣ ውጤቱንም በበቂ ብዛት ከደገምን፣ ተጠርጣሪው በራሱ ጊዜ ይወጣል። ይህ መንገድ ለመኪና ብቻ የሚሠራ አይደለም፤ ሲዘንብ ብቻ የሚቋረጥ የስልክ መስመርም፣ ማታ ማታ ብቻ የሚነሣ ሕመምም የሚመረመሩት በዚሁ ሥርዓት ነው። በመንገድ ዳር የቆመች መኪና ያገኘ ተማሪ እንግዲህ «ምን ይለወጥ?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «ስትዞር ይሰማል? ብልጭታ አለ? ካንዴላው ደረቅ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ሦስቱም ጥያቄዎች ገንዘብ አይጠይቁም።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ሞተሪኖው 160 አምፔር ሲወስድ በማሳው ሽቦ ሁለት ጫፎች መካከል 0.8 ቮልት ተለካ። የሽቦውን ተቃውሞና በከንቱ የሚጠፋውን ዋት አስሉ። (መልስ፦ 0.005 ኦም፤ 128 ዋት)

2. አንዲት መኪና ሞቃ ስትቆም ከአምስት ጊዜ አንዱን እምቢ ትላለች። ከጥገና በኋላ በአጋጣሚ የመነሣት ዕድሏ ከመቶ 5 በታች እንዲሆን ስንት ተከታታይ መነሣት ያስፈልጋል? (መልስ፦ 14)

3. የመኪናዋ ባለቤት እርጥብ ጨርቁን በፓምፑ ፈንታ በቦቢናው ላይ ቢጥል፣ መኪናዋም በአሥር ደቂቃ ብትነሣ ምን ትደመድማላችሁ? ከመደምደማችሁ በፊትስ ሌላ ምን ማነጻጸሪያ ትሻላችሁ? ከጓደኞቻችሁ ጋር ተወያዩበት።